ቁጥር የጠፋባት ገል

ቬርና ኮስኬላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤
ጠዋት ልጆች ጭና፣ ማታ ቤት አድርሳ፣
የዱሉዝን ቁልቁለት በበረዶ ተመልሳ፣
ምድር ቤት ስትገባ ጭቃ ነው የሚጠብቃት።

እቶኗ ትንሽ ናት፣ በኤሌክትሪክ ትግላለች፣
ከልብስ ማጠቢያው ጎን ጥጓን ይዛለች።
ሁለቱ አብረው ከሠሩ መብራቱ ይጠፋል፤
ስለዚህ በእሳት ቀን ማጠብ ይታለፋል።
እሳቷ መካከለኛ ነው፣ ኮን ስድስት የሚሉት፣
እንደ ደመወዟ፤ አይረሱት፣ አይመኩበት።

ዓመቱን ሙሉ ነጭ ብቻ ቀባች፤
ነጭ ሳህን፣ ነጭ ኩባያ፣ ነጭ የጨው ዕቃ።
አንድ እሑድ እህቷ አይሊ መጣች፣
ኩባያውን ገለበጠች፣ ቂጡን አየች፣
«የሆስፒታል ይመስላል» ብላ ሾርባዋን ጠጥታ ሄደች።
ቃሏ ግን አልሄደም። በማግስቱ ቬርና ገበያ ወጣች።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤
የቅብን ስም ግን ነጋዴ ያወጣዋል።
«የማለዳ ጭጋግ»፣ «የጥድ ጥላ»፣ «የተቃጠለ ማር»፣
«የድሮ ሳንቲም»፣ «ማዕበል»፤ ስድስተኛው ሳይቀር፣
ወረቀቱ ተልጦ ስሙ የማይነበብ፣
በግማሽ ዋጋ ቢሰጧት አላለችም «ቆይ ላስብ»።

ጠርሙሱ ሲከፈት ሁሉም አንድ አተላ ነው፤
ጥዱም ሮዝ፣ ማሩም ሮዝ፣ ማዕበሉም አመድ።
እሳት ያላየ ቅብ ቃል እንጂ ቀለም የለው፤
አምኖ መቀባት ነው፣ እንደ ጨለማ መንገድ።

አሥራ ስምንት ገል ሠርታለች፣ አውራ ጣት የሚያህሉ፣
ጭቃው ሳይደርቅ በምስማር ቁጥር የታተመባቸው ሁሉ።
አንዱን አንዴ፣ አንዱን ሁለቴ፣ አንዱን ሦስቴ ቀብታ፣
በየመሀሉ እስኪደርቅ ሬዲዮ ሰምታ፣
በደብተሯ ጻፈች።
ሲመሽ ብሩሽ ማጠብ ሰለቻት።
ከተሰበረ ኩባያ አንድ ስባሪ አነሣች፣
የብሩሹን ትርፍ፣ የየትኛው እንደሆነ እንጃ፣ ለቀለቀችባት፤
ጀርባዋ ላይ በእርሳስ «19» ጽፋ ከጥግ አቆመቻት።

ሌሊቱን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ
የእቶኑን ቀጭ፣ ቀጭ ታዳምጣለች።
ከቤቱ ማዶ ሐይቁ በረዶውን ይሰነጥቃል፣
የብረት አፈር የጫነ መርከብ ከሩቅ ያጓራል።
በቀዳዳው ስታይ ምስክሯ ሾጣጣ
ወገቧን ሰብራ ሰገደች።
ቬርናም ተኛች።

በሁለተኛው ቀን፣ ገና ትኩስ እያለ፣
የቸኮለ እጅ ክዳኑን አነሣ።
«የማለዳ ጭጋግ» የቀዘቀዘ ገንፎ ሆኗል።
«ማዕበል» ቡናማ፤ ለካ በጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል
ነጭ ሸክላ ነበር። የእሷ ጭቃ ቀይ ነው፣
ብረቱ ሰማያዊውን በላው።
«የድሮ ሳንቲም» በመርፌ እንደ ወጉት ተበሳስቷል፣
«የጥድ ጥላ» ጥላ ሆኖ ጥዱ የት ሄዷል?
ስም የለሹም ያው፣ ስም የማያሰጥ።
እንደ ስሙ የተገኘ «የተቃጠለ ማር» ብቻ፤
ፈሰሰ፣ ተንጠባጠበ፣ መደርደሪያው ላይ ተጣበቀ፣
በመሮ ተደብድቦ ነው የተላቀቀ።

ከጥግ ግን ያቺ ስባሪ!
ጠርዟ ዝገት፣ መካከሏ ውሃ፣
መጋቢት ላይ በረዶው ሲሳሳ ከሥር የሚታየው፣
ጥልቀቱን ለማወቅ ድንጋይ የሚወረውሩበት ዓይነት።
ገለበጠቻት። ባዶ።
እርሳሱን እሳት በልቶታል። ብሩሹ ታጥቧል።
ደብተሩ እስከ አሥራ ስምንት ያውቃል።

አይሊ ጋ ደወለች።
«ታዲያ መልሰሽ ሥሪያ!» አለች አይሊ፣ የሆነ ነገር እያኘከች።
ሦስት ሳምንት ሠራች። አርባ ሁለት ገል።
ሁለቱ ተቀራረቡ፤ መቀራረብ ግን ምን ያደርጋል?

አሁን ስባሪዋ ከአውቶቡሱ መሪ ፊት ተቀምጣለች።
ከሦስተኛው ፌርማታ የሚሳፈረው ኤነር፣ የሰባት ዓመቱ፣
አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ፣
«ይቺ ቡናማ ነገር ምንድን ናት?»
«ሰማያዊ ናት እኮ።»
ልጁ አንገቱን አዘነበለ፣ አቃናው፣
«ከዚህ ጋ ቡናማ ናት።»

ቬርና ፍሬን ያዘች፣ ቀበቶዋን ፈታች፣
ወርዳ ልጁ ከቆመበት ቆመች።
በሩ ክፍት ነው። ብርድ ይገባል።
ከኋላ ወንበር አንዱ «እንሂድ እንጂ!» ይላል።