ቁጥር የሌለው መስመር

ከሆጤ ዳገት ላይ፣ ከጦሳ ግርጌ ቤት፣
የጽድ አጥር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጉም የሚያድርበት፣
የሰው ሂሳብ እሠራለሁ። የኮምቦልቻ ነጋዴ
ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይሰዳል፤ አንዳንዴ
ሙሉው ይደርሰኛል፣ አንዳንዴ ግማሹ ይመጣል፣
ዋጋው ይታይና ቫቱ ጉም ውስጥ ይቀራል።

ራውተሯን በዘንቢል ከመስኮቱ ሰቅዬ፣
ወደ አዝዋ ገደል ፊቷን አስተካክዬ፣
ጉም ሲወርድ ትጠፋለች፣ ሲገለጥ ትበራለች፤
እንዳኮረፈች ሙሽራ፣ ስትፈልግ ታየኛለች።

ፒያሳ ቴሌ ሄድኩ፤ ረግጬ ደረጃውን፣
«ኢንተርኔት ብቻ ነው፣ ስልኩ ይቅር» አልኩት ልጁን።
ፎርሙን ገለበጠ፣ ፈገግ አለ በትዝብት፤
«ያለ ስልክ? እትዬ፣ ልጅ አለ ያለ እትብት?
የድሮ መስመር አለሽ ወይስ አዲስ ነው የሚገባው?
ቁጥር ካልተሞላ ሲስተሙ አይቀበለው።»

ቁጥር።
ከዚያች ቃል በኋላ ያለኝን አልሰማሁም፤
አባቴን ነው ያየሁ፣ ልጁንም አላየሁም።

ይመር አበጋዝ፣ የመንገድ ሥራ መካኒክ፣
ዘጠኝ ዓመት ወረፋ ጠበቀ ለአንድ ስልክ።
በዘጠነኛው ዓመት፣ ዝናብ እያካፋ፣
ምሰሶ ተተከለ፤ ሽቦው ገባ፤ ሰው ተገፋፋ።
ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፤ እናቴ ዳንቴል ሠራችለት፣
አባቴ ማዞሪያው ላይ ጓጉንቸር ቆለፈበት።
መደወል ክልክል ነው። መደወል ለሱ ብክነት።
መቀበል ግን ነጻ ነው፣ ለኛም፣ ለሰፈሩም፣
ስሙን ለማያውቀው ለአላፊ አግዳሚውም።

እግሩ እኔ ነበርኩ፤ ሲጮህ እሮጣለሁ፤
«እማማ ዘሙይ! ከጅዳ! ቶሎ በሉ!» እላለሁ፤
አንድ ጫማ አድርገው፣ አንዱን እቤት ረስተው፣
ከደጃችን ድንጋይ ላይ ዘፍ ይላሉ ተንፍሰው።
ተቆርጧል፤ እስኪደወል እንደገና፣
ይጠብቃሉ፤ ይለብሳል ጦሳም ደመና።

ኋላ ሞባይል መጣ። ኋላ አባቴ ሞተ።
ኋላ በዚያ ክፉ ዓመት ምሰሶው ወደቀ፣ ሽቦው ተጎተተ፣
ማን እንደወሰደው እንጃ፤ «መዳብ ነው፣ ይሸጣል» አሉ።
ስልኩ ግን ዛሬም አለ፣ ከነጓጉንቸሩ ከነዳንቴሉ።
ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም፤
አንዳንዴ አንስቼ ባዳምጠው ዝምታው አያልቅም።

«እትዬ!» አለ ልጁ። «አትሰሚም? ሌላ መላ አለ፤
ፋይበር ሆጤ ደርሷል፤ ስልኩ የግድ አይደለ፤
ቁጥሩን ባዶ ተዪው።»
«ቅድም ለምን አልነገርከኝም?»
«ቅድም ሲስተም አልነበረም።»

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሙሄ የሚባል ቴክኒሻን፣
መሰላል ተሸክሞ፣ ሳይደውል፣ ገና በማለዳ ደረሰን።
ከፀጉር የቀጠነ ክር በግድግዳው ሲያሾልክ፣
«ተጠንቀቂ» አለኝ «ይሰበራል እንዳትነኪው በእጅሽ ልክ።
ውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ መዳብ የለውም፣
ሌባ ቢወስደው እንኳ አምስት ብር አያወጣም።»
የድሮውን ሽቦ ቁራጭ ከጣሪያው ሥር አየና፣
«ልንቀለው?» አለኝ። «ተወው» አልኩ፤ ምክንያት አልነበረኝምና።

«ፓስዎርድ ምን ይሁን?» ሲለኝ፣ ጣቴ ራሱ ጻፈ፣
ከዜሮ ሠላሳ ሦስት ተነስቶ እስከ ጫፉ ከነፈ።

ማታ በር ተንኳኳ። እማማ ዘሙይ በምርኩዝ፣
የልጅ ልጃቸው ረውዳ ክንዳቸውን በመያዝ።
«ልጄ ከጅዳ በቪዲዮ ትመጣለች አሉ ዛሬ፤
የኛማ ካርዱ አለቀ፤ ካንቺ ይያዝልን፣ የኔ ፍሬ።»

ግቡ ብል እምቢ አሉ። ያው ድንጋይ። ያው ብርድ።
ረውዳ ስልኳን ዘርግታ፣ «እሺ፣ ስንት ነው ፓስዎርድ?»
«የአባቴ የድሮው ስልክ...» ብዬ ገና ሳልጨርስ፣
እማማ ዘሙይ በቃላቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረስ፣
አንድ ባንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደሚቆጠር ገንዘብ፣
አስቆጠሯት፤ እኔ ዝም፣ ጣቷም እየተከተለ በአጽንዖት ሲያነብ።

ረውዳ ጻፈች።
ያዘ።