ኑና ሥሩ ብሎን

በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌው ድልድይ ሥር፣
አራት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ በር፤
ቁልፉን በአንገቱ ኩዝማ ያንጠለጠለው፣
ዘበኛ አለው እንጂ የሚሰረቅ የሌለው፤
ርግብ ጎጆ ሠርታ በክሬኑ መንጠቆ፣
ሣር በቅሎ በግቢው፣ አስፋልቱን ሰንጥቆ።

እኔ በዚያ ወራት የሞቴል አንሶላ
ሳጥብ ነው የከረምኩ፣ ወገቤ እስኪላላ።

አንድ ማክሰኞ ጧት ደብዳቤ መጣልን፣
በጀት ተፈቅዷል፣ ኑና ሥሩ ብሎን።

ድልድዩ ሊታደስ ገንዘብ ተመድቦ፣
ሕጉም ከገንዘቡ አብሮ ተደርቦ፦
"ብረቱ ያገር ውስጥ፣ ብሎኑ ያገር ውስጥ፤
የውጭ ዕቃ ቢገባ ክፍያው አይሰጥ።"

ሠላሳ አንድ ሆነን በበሩ አለፍን፣
መብራቱ ሲበራ ዓይናችንን ጨፈንን፤
ርግቧ በረረች። ደልበርት ቀረበና፣
የማሽኑን ጀርባ ቀስ ብሎ ዳበሰና፣
"ዘይት ስጡት" አለን፣ "ይነሣል ገና።"

የመጀመሪያ ደሞዜ ሌሊት አላደረ፣
ለልጄ ጥርስ ሽቦ ለሐኪሙ በረረ፤
ሐኪሙ፣ ሁለት ክረምት ጣሪያው ያፈሰሰው፣
ጠጋኝ ዶሚኒክን ጠርቶ አስለበሰው፤
ዶሚኒክ ደግሞ ሄዶ ከእህቴ ምግብ ቤት
እንቁላልና ድንች፣ ጉርሻም ዶላር ሁለት።
ያቺን ሁለት ዶላር እህቴ ስትሰጠኝ
(የቤንዚን ብድሯን) ጠረኗ ገረመኝ፦
የማሽን ዘይት አላት።

ሥራዬ ማኅተም ነው። ከብሎኑ አናት ላይ
ሦስት ፊደል አለ፣ በመስታወት ሲታይ፤
የብረቱን ትውልድ ከነዘር ማንዘሩ፣
የቀለጠበትን ምድጃ ከነቁጥሩ፣
ከወረቀቱ ጋር አስተያያለሁ፤
ባዕድ ከተገኘ "አይለፍ" እላለሁ።

አንድ ቀን ከወደብ አንድ ሳጥን መጣ፣
ቢለኩት ቢያዞሩት እንከን የማይወጣ፤
ማኅተሙ ግን ሌላ። "መልሰው" ስለው
ሾፌሩ ፈገግ አለ፣ እጄን እያየው፦
"ጓንትሽስ የት አገር ተሰፋልሽ?" አለኝ።
ገለበጥኩት። ጽሑፉን አንብቤ ዝም አልኩኝ።

አንዲት ሴት አለች፣ በማላውቀው ሰፈር፣
ይህን አውራ ጣት ስትሰፋ የምታድር፤
ለሷም ልጅ ይኖራት፣ የጥርስ ሽቦ ዕዳ፣
እሷም ትጠብቅ ይሆን ደብዳቤ ማለዳ?

ጓንቴን መልሼ አጠለቅኩ።
ሳጥኑን መለስኩ።

በማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ተጠርቶ
ሽማግሌው ስትሪክለር ተነሣ ተቆጥቶ፦
"ይህ ሁሉ ብድር ነው፤ ማን ሊከፍል ነገ?
የልጅ ልጄ ስንቅ ዛሬ ተፈለገ?
የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ዕዳ ነው ከሜዳ!"
"ዝገትስ?" አለው ደልበርት፣ "ዝገትስ አይደል ዕዳ?"
ሁለቱም እውነት ነው። ወጣን ሳንስማማ።
ስትሪክለርን ሸኘሁት፤ ዝናብ ነው፣ ጨለማ።

በአሥራ አራተኛው ወር ድልድዩ ተመረቀ፣
ሪባን ተቆረጠ፣ ማርሽ ባንድ ደመቀ፤
ስለ ኮንክሪቱ፣ ስለ ርዝመቱ ሲወራ
ብሎንን ማን ያንሣው? ማን በስሙ ይጥራ?

በሳምንቱ ደግሞ ደብዳቤ መጣልን፣
እናመሰግናለን፣ ደኅና ሁኑ ብሎን።

አሥራ ሁለት ቀሩ፣ እኔ አልተቆጠርኩም፤
ወደ ሞቴሉ ግን ገና አልተመለስኩም።
የልጄ ሽቦ ወጣ፣ ጥርሱ ቀጥ ብሏል፤
ያ ገንዘብ የት ሄደ ላለ፣ ሲስቅ ይታያል።

ማታ ማታ በእግሬ ድልድዩን ሳቋርጥ
እጄን እሰዳለሁ ከብረቱ ግጥም ውስጥ፤
በቀለሙ ሥር ግን ሦስቱ ፊደል አለ፣
መኪና ባለፈ ቁጥር ትር ትር እያለ።

አንድ ብሎን ደብቄ አስቀርቻለሁ፣
ማኅተሙ የጠመመ፣
"አይለፍ" ብዬ እኔው የጣልኩት።
የወጥ ቤቴን መስኮት በእሱ ደግፌ
ነፋስ አስገባለሁ፤
የፖስተኛው ጫማ ጠጠሩን ሲረግጥ
ከዚያው እሰማለሁ።