አራሚዋ

የጅማ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ይወቅጣል፤
መብራቱ ከሄደ ሦስት ሰዓት ሆኖታል።
ሸምሱ ቦንጋ ወርዶ፣ መኪናው ተበላሽቶ፣
ትንሹ በትኩሳት አልጋዬን ሞልቶ፣
በአንድ እጄ እርጥብ ጨርቅ፣ በአንዱ ቀይ እስክሪብቶ፣
ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ አንድ መስመር ተደግሞ፣
አልፌው ስመለስ ይስቅብኛል ቆሞ።
«ጠዋት ካልደረሰ ወረፋው ያልፍሻል»
ጋሽ ተካልኝ ከማተሚያ ቤት ደውሎ ዝቶብኛል።

ለከተማው ሰው ሁሉ «ዋና አዘጋጅ» ነኝ፤
ዋናው ከየት መጣ፣ ተከታይ ሳይኖረኝ?
ከሄርማታ ሱቆች ማስታወቂያ ለማኝ፣
የሽፋን ፎቶ አንሺ፣ ደብዳቤ መላሽ፣
እሽጉን በባጃጅ አጂፕ አመላላሽ፣
ግጥሙ የወደቀበት ሲያለቅስ እንባ አባሽ።
ማዕረጌ ደጃፍ ላይ ከጫማዬ ጋር ይወልቃል፤
«ካልሲዬን የት ጣልሽው?» የሚል ድምፅ ይቀበለኛል።

ሒክማ አጠገቤ በርጩማዋን ስባ፣
ደብተሯን ጭኔ ላይ ከገጾቼ ደርባ፣
«እማ፣ አርሚልኝ» አለች፣ ዓይኗ እንቅልፍ አዝሎ።
ርእሱ «የእናቴ ሥራ»፤ ከሥሩ እንዲህ ብሎ፦
«እናቴ አታርፍም። የእናቴ ሥራ አረም ነው።»
እርማት ልትል ኖሯል፤ ቃሉ አምልጧት ነው።

ቀዩ እስክሪብቶዬ ከቃሉ አፋፍ ደርሶ፣
ትዝ አለኝ ጓሮዬ፣ ጎመኑ ሣር ለብሶ፤
ቅዳሜ የነቀልኩት እሑድ የሚያቆጠቁጥ፣
እንደ ካልሲው፣ እንደ መስመሩ፣ ሥሩ የማይቆረጥ።

ልክ ነሽ። አልነካሁትም።
የልጁ ግንባር ቀዝቅዟል፤ ዝናቡ ግን አላባራም።
ሻማው ሊያልቅ ሲል፣ «የወላጅ ፊርማ» ከሚለው መስመር ላይ፣
«ዋና አዘጋጅ» ብዬ ፈርሜያለሁ ሳላይ።