ስድስት ቁጥር

ነይ ግቢ፣ ማስተዋል፣ በሩን መልሺው ቀስ፤
ዝም ካልሽ ይሰማሻል ጽጌረዳው ሲተነፍስ።
ከውጭ የጫጫ ውርጭ ባቄላውን ሲመታው፣
ከውስጥ ላስቲኩ ያልበዋል፣ ጠብ ይላል ጠብታው።
ቀና በይ፣ እይው፣ ያ የተንጠለጠለው፣
ዕንቁ እንዳይመስልሽ፣ ጠላት ነው ያየሽው።

ሻጋታ በር አያንኳኳም፣ ዱላ ይዞም አይመጣም፤
እርጥብ ቅጠል ካገኘ ሌላ ምንም አይፈልግም።
መጀመሪያ ነጥብ ናት፣ የቁንጫ ንክሻ ታህል፣
ከእንቡጡ ጉንጭ ላይ፣ ቡናማ፣ እርጥብ፣ ልል፤
በሦስተኛው ቀን ጠጉር ያወጣል፣ ግራጫ፤
ስትነኪው እንደ አመድ ይቦናል በየአቅጣጫ።

ስለዚህ አትንኪው። መጀመሪያ ከረጢቱን
እንደ ልጅ ኮፍያ አልብሺው፣ ሸፍኚለት አናቱን፤
ከዚያ ነው መቀስ። አፉን ቋጥሪ፣ ወደ ጉድጓዱ፤
እያራገፍሽ እንዳትሄጂ በየመደቡ፣ በየመንገዱ።
የረገፈ ቅጠል ከሥሩ ወድቆ አይደር፤
ለሻጋታ የሞተ ቅጠል ርስት ነው፣ ሰፈር።
ከቀኑ ዘጠኝ በኋላ ቱቦው አይከፈት፤
ቅጠሉ ደርቆ ይተኛ፣ ይህ ነው የዚህ ቤት ጸሎት።

ይህን ሁሉ ማን ያስተማረኝ ይመስልሻል?
ባለሙያው? እሱማ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር፤
ኪሴ ውስጥ ታጥቦ አለቀ።
ያስተማረኝ ጥር ነው።

የሌሊት ተራዬ ነበር። ጋሽ ሽብሩ ዘበኛው
ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ልጆቹን በረዳቸው» አለኝ፤
አበባውን ነው ልጆች የሚለው።
አዘንኩ።
መስኮቱን አንድ በአንድ ዘጋሁ፣ ላስቲኩን አወረድኩ፤
እናት የሆንኩ መሰለኝ፣ ሞቆኝ፣ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ሲነጋ ቤቱ እንደ ፍል ውሃ ጉም ሞልቶት፣
እንቡጡን ሁሉ እንባ፣ ሽቦውን ሁሉ ላብ ወርሶት።
በአምስተኛው ቀን ከአሥራ አራተኛው መደብ ጀምሮ
እስከ ጥግ ድረስ፣
ግራጫ።
ማንም አልተቆጣኝ። እሱ ነው የከፋኝ።
ጋሽ ሽብሩ ቆቡን አውልቆ ቆመ፣ ለቀብር እንደ መጣ።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወፍ ሳይንጫጫ እነሳና
ማሞቂያውን ለኩሼ፣ የጣሪያውን አፍ እከፍታለሁ ገና፤
በአንድ በኩል ሙቀት፣ በአንድ በኩል ብርድ፣
እርጥቡ አየር ተገፍቶ ይውጣ፣ መንገዱን ይውረድ።
ይበርዳቸዋል፣ አዎ። ጥቂት ይንቀጠቀጣሉ።
ብርድ ያማል እንጂ አያሻግትም፣ ይላሉ።
ማንም አይልም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

ደብረ ብርሃን ያለችውን የኪራይ ክፍሌን ታውቂያታለሽ፤
መስኮቷን በላስቲክ ቸንክሬ፣ ስንጥቋን በጨርቅ ጠቅጥቄ፣
ከኪሩቤል ጋር ታቅፈን፣ አልቦን እንተኛ ነበር።
ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ነጥብ፣ ነጥብ ብሎ ሲጠቁር
ጥላሸት ነው እያልኩ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገው ነበር።
በእርጥብ ጨርቅ!
የልጁን ሳል ደግሞ የትምህርት ቤት ጉንፋን አልኩት።

ያን ሳምንት የስድስት ቁጥርን ሬሳ ስቀብር ውዬ
ማታ ገባሁ፣ ሻማ አበራሁ፣ ግድግዳውን አየሁት።
ሳልቀመጥ ምስማሩን በጉጠት ነቀልኩ።

ሳሉ ጠፋ ወይ?
ሳንባ እንደ መደብ በአንድ ቀን አይጸዳም።
ትናንት ሌሊት ግን ሁለቴ ብቻ ነው የሳለው፤ ቆጥሬያለሁ።

በይ፣ መዘውሩን ያዢ። ወደ ግራ። ግማሽ ዙር ይበቃል።
ሰማሽው? ላስቲኩ ነው፣
ላቡን ሲጠርግ።