ያለ ጥፋቱ የወለቀ ሞተር

ምድር ቤት፣ መደርደሪያው ላይ፣ ከቡሎኑ ጣሳ ኋላ፣
አንድ ሞተር ተቀምጧል፣ እንደ ዕዳ፣ እንደ መሐላ።
አልሸጥኩት፣ አልጣልኩት፤ ቴስተር ባሳርፍበት
ቁጥሩ ልክ ይመጣል፤ አንድ እንከን የለበት።

ጥር ነበር፣ ኤድመንተን፤ ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፤
የመኪናዬ በር ሳይቀር ስከፍታት አቃሰተች።
ስድስተኛው ቤቴ ነው፤ እጄን ካቻቢቴ ሰልችቶታል፤
ጆሮዬ ከኮፍያዬ ስር ቀድሞኝ ገብቶ ተኝቷል።

ማሪሴል በሩን ከፈተች፤ የሌሊት ተረኛ ነርስ፣
የደንብ ልብሷን ያላወለቀች፤ ከኋላዋ የልብስ
ክምር፣ ከክምሩ ኋላ ጣቱን የሚጠባ ልጅ፣
አንድ እግሩ ካልሲ የለው፤ ልብ የሚል አጣ እንጅ።

«ያጉረመርማል» አለችኝ፤ «ያጉረመርማል፣ አይዞርም።»
ማጉረምረም ቃል ነው ለሚሰማ፤ እኔ ግን አልሰማሁም።
ቺንጋውን ፈትቼ ሞተሩን ለብቻው ባስነሳው፣
ከበሮውን በመዳፌ አንዴ ገፋ አድርጌ ባየው፣
የማን ጥፋት እንደሆነ ራሱ ይነግረኝ ነበር፤
ፈረድኩ በሞተሩ ላይ፣ ምስክሩን ሳላናግር።

«ሞቷል» አልኳት። «አዲስ ይግባ። ሦስት መቶ አርባ ዶላር።»
ደመረች፣ ቀነሰች፤ «ይሁን» አለች ሳትከራከር።
አሮጌውን አወጣሁ፤ አዲሱን አስገባሁ፤ ቁልፉን ተጫንኩ፤
ያው ማጉረምረም። ያው። በዚያ ብርድ በላብ ተጠመቅኩ።

እሷ ልጁን ልታስተኛ ፎቅ ወጥታለች።
እጄን በከበሮውና በበርሜሉ መሀል ሰደድኩ፤
በፒንሳ ጫፍ ይዤ ሳብኩ፤ ከነሳሙናዋ ተጣጥፋ ወጣች፤
አውራ ጣት የምታህል ካልሲ፣ ተረከዟ ላይ ዳክዬ።

ዞረ።
ከደረጃው ላይ «ተባረክ!» ስትል ሰማኋት።
ካልሲዋን ኪሴ ከተትኩ። ገንዘቡን ተቀበልኩ። ደረሰኝ ጻፍኩላት፤
«ሞተር፣ አንድ።» አልዋሸሁም። ሞተር አንድ ገብቷል እኮ።
«ያንን ብረት ውሰድልኝ» አለች። ወሰድኩላት።

በረዶው ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ሄደ።
ሌሊት ምድር ቤት ወርጄ ገመዱን ስሰካው ይዞራል፤
እንደ ተበደለ አይጮህም፤ ሥራውን ብቻ ይሠራል።
«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይባል የለ፤
ጎፈሬዬን አበጥሬያለሁ፤ ግዳዬ ካልሲ ሆነ እንጂ፣
ፎክሮ የሚነገር የለ።

ባለፈው ሐሙስ ስልኬ ጮኸ። «ማሪሴል ነኝ፤ አስታወስከኝ?
ማድረቂያው ሲጥ ሲጥ ይላል። ከአንተ ሌላ ማንን አምናለሁ?
ለክፍላችን ነርሶች ሁሉ ያንተን ቁጥር ሰጥቻለሁ።»
ለካ ያ ሁሉ ደንበኛ፣ ያ ሁሉ የነርስ ማድረቂያ፣
የበቀለው ከዚያች ካልሲ ነው፣ ከዚያች የዝምታ መነሻ።

ሄድኩ። ኮፍያዬን አውልቄ ጆሮዬን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ።
ሲጥ። ዝም። ሲጥ።
የቺንጋው መወጠሪያ ነው፤ ትንሿ ጎማ ደርቃ። ስምንት ዶላር።
ቦርሳዋን ልትከፍት ስትል «ቆይ» አልኩና ማድረቂያው ላይ ደረደርኩ፦
ሦስት መቶ አርባ። አንድ ሞተር። አንዲት ካልሲ ከነዳክዬዋ።
ነገርኳት። ነገሩ አጭር ነው፤ ለመናገር ግን ረዘመብኝ።

ገንዘቡን አላየችም። ካልሲዋን መዳፏ ላይ ዘረጋች።
«ሳምንት ሙሉ ፈለግናት» አለች፤ «ያለ እሷ አልተኛም ብሎ።
አሁን እግሩ ይሄን ያህላል» ብላ በእጇ ለካች።
ከዚያ ዝም አለች። ማድረቂያው ባዶውን ይዞር ነበር።

አልሳቀችም። ይቅርም አላለችኝ፣ አልረገመችኝም።
ገንዘቡን ቆጠረች፣ ሁለቴ፤ ኪሷ ከተተች፤
በአገጯ ወደ ወጥ ቤት ጠቆመች፤
«ፍሪጁ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያቃስታል።
እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በል። ካቻቢቴህን አስቀምጥ።
መጀመሪያ፣ እስኪጨርስ ስማው።»