በቃ

የኩስኮክዊም ወንዝ ረግቶ፣ በረዶው መንገድ ሆኖ፣
መርማሪው በበረዶ ሞተር መጣ፣ ፎርሙን በጉያው ሸፍኖ።
እሱም አውሮፕላን አጥቶ ነው፤ የመንደሩ ባለ ዘጠኝ ወንበር
ከመስከረም ወዲህ ታግዳ፣ ቆማለች ከሜዳው ዳር።

ጎማዋን ረገጠ፣ ብሎኗን ቆጠረ፣
የዘይቱን መዝገብ ገልጦ ቀን ከቀን አመሳከረ።
«ዕዳችሁስ?» አለ። «ካዝናችሁስ? የአብራሪው የእንቅልፍ ሰዓት?»
ናስታሲያ መለሰች፣ ጣቷን ቀለም የነካት፣
ደብተሯን እየገለጠች፣ አንዱንም ሳትደብቅለት፤
ያን ቀን ክንፉ በረዶ እንደለበሰ እንደተነሳ፣
ማንም በጨርቅ እንኳ ሳይጠርገው።
ባሏ ኢቮን፣ መካኒኩ፣ ዓይኑን ከወለል አላነሳ።

ውጭ ሰው ተኮልኩሏል።
የስኳር መድኃኒት የሚጠብቅ፣ ድዱ ያበጠ ልጅ፣
ሦስት ወር የከረመ ፖስታ፣ በጆንያ ታስሮ ከደጅ።
አሮጊቷም ፓራስኮቪያ፣
ልጇ ከዚያ በረራ ያልተመለሰላት፣
እሷም ቲኬት ይዛለች። የኩላሊት ቀጠሮ አለባት።

«በቃ» አለ መርማሪው፣ ወረቀቱን አተመ፤
ብቁ ሆነ ማለቱ ነው? ወይስ ነገሩ አከተመ?

ከደጅ ማንም አልጠየቀ።
ፓራስኮቪያ ብቻ፣ ቲኬቷን ከጓንቷ ወሽቃ፣
ሰማዩን ቀና ብላ አየችው፣
ባለዕዳን እንደሚያዩት።