ተሳፋሪ ዝም ይበል

ከዳርኻን ስንነሣ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲወርድ፣
ማራገቢያው ፉጨት ጀመረ፣ አቃሰተ፣
አንድ መንደር እንኳ ሳናልፍ ሞተ።

ሞተሩ ግሏል፤ ውሃው ያቃጥላል፤
ሙቀት ግን ወሬ ነው፣ ተሸካሚ ይሻል።
እሱ ከኮፈን ሥር፣ ክንድ ያህል ርቆን፣
እዚያው ሲንተከተክ፣ እኛ እዚህ ደርቀን።

የአምስት ሰው ትንፋሽ መስታወቱን ያዘው፤
መንገዱ ጠፋብኝ፣ በምን ዓይን ላግኘው?
እፍቃለሁ በባንክ ካርድ፣ ሳንቲም በሌለው ካርድ፣
ይረግፋል ጭኔ ላይ የገዛ ራሳችን በረድ።

«ይቅርታ፣» አልኳቸው፣ «ዝም ብንል ምናለ?
ቃል በወጣ ቁጥር በረዶ በቀለ።»

ጎምቦ፣ ፈረስ ነጋዴው፣ ወሬው መሃል ነበር፤
ስለ ጠፋው ግራጫ፣ ስለ አማቹ ነገር፤
የባርኔጣውን ጆሮ አፉ ላይ አሰረ፣
ፈረሱም ሳይገኝ እዚያው ሜዳ ቀረ።
የነርስ ተማሪዋ ሻርቧን ነከሰች፤
እናቲቱ ልጇን ደረቷ ውስጥ ከተተች፤
ሕፃኑ ብቻ ነው ሕጉ ያልገባው፤
አለቀሰ፤ ለቅሶው መስታወቱን ሞላው።

አራት ሰዓት ሙሉ
ሙግት እንደ ተረታ ሰው ተጓዝን።
ኡላን ባታር ደርሰን በሩን ስከፍትላቸው
ማንም አልተናገረም፤ ዝምታ ለምዶባቸው።

መካኒኩ አየና ዋጋውን ጠራልኝ፤
የሦስት ቀን ገቢዬ ነው፤ ሳቄ አመለጠኝ።
ዳ ኹሬ ገበያ፣ ከወላለቁ መኪኖች ክምር፣
በሩቡ ገዛሁት፣ ያገለገለ ሞተር።
ሻጩ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ አዞረው፤
«ይኸው፣» አለኝ፣ «ነፍስ አለው።»

በወንድሜ ጋራዥ፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ፣
የዳሽቦርዱን ኪስ ባዶ አድርጌ ነቀልኩ፤
የእጅ ባትሪ በጥርሴ፣ ካቻቢቴ በእጄ፣
ራሴ ከወንበር ግርጌ፣ እግሬ ከበር ውጭ፣
በጀርባዬ ተንጋለልኩ።

ሦስት ብሎን ናት ጠቅላላ ነገሩ።
ሁለቱ ደጎች ናቸው፤ ስነካቸው ዞሩ።
ሦስተኛዋን እዚያ የተከላት ሰው
ወይ ጣት አልነበረው፣ ወይ ጠላት ነበረው።
አንድ ሰዓት ፈጀች። በቆዳዬ ከፈልኩ፤
ስፒናውን ነቅዬ ሞተሩን አወረድኩ።

የአይጥ ጎጆ ነበር የጠበቅሁት፤
ቅጠል ሆኖ አገኘሁት።
ቢጫ፣ ደረቅ፣ ባለ እጀታ፤ ማርገብገቢያ መሰለ።
ማራገቢያ ውስጥ ማርገብገቢያ! እንዲህም አለ?
እኛ ሜዳ የሚበቅል ዛፍ አይደለም፤ ስሙን አላውቅም።
ከሥሩ ደግሞ የተጣጠፈ ደረሰኝ፣
በጃፓን ፊደል፤ ቁጥሩ ብቻ ገባኝ፦
አራት መቶ።

ከባሕር ማዶ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣
አንድ ሰው ከዛፍ ሥር አቁሟት ነበር።
ምን ሊያደርግ ወረደ? ምሳ ይሆን፣ ሐኪም?
መቼ ሸጣት፣ ለምን፣ እኔ ዘንድ መልስ የለም።

ቅጠሉን ልከስ አልኩ። ገዳዩ ግን ሌላ ነው፤
ካርቦኖቹ አልቀዋል፤ ዕድሜ ነው የበላው።

አዲሱን፣ ማለት የሌላውን አሮጌ፣ ሰቀልኩ፤
ሦስተኛዋን ብሎን ለሠሪዋ ተውኩ።
ስፒናው ቀጭ አለ። ማስነሻውን ተጫንኩ።
መጀመሪያ አቧራ፤ ቀጥሎ የተለበለበ ፀጉር የመሰለ ሽታ፤
ከዚያ ንፋስ፤ ከዚያ ቀስ እያለ
ጣቴ ቀድሞ ያመነው፣ ፊቴ የተጠራጠረው ሙቀት።
መስታወቱ ከግርጌ ጀምሮ፣ እንደ ጥንቸል ጆሮ በሁለት በኩል፣ ጠራ።

በሦስተኛው ቀን ጎምቦ ተሳፈረ።
ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣
«የት ላይ ነበርኩ?» አለ።
«ግራጫው ጠፍቶ፣ አንተ አማችህ ደጅ ቆመሃል፣» አልኩት።
ቀጠለ።
የኻራን ወንዝ ስንሻገር
አማቹ በሩን ገና አልከፈተም፤
የአማቹ አባት ግን ሁለቴ አግብቶ ነበር።
እጄ፣ እኔ ሳላዘው፣
ወደ ማራገቢያው ማጥፊያ ሄደ።